የታጋዩና የአዝማሪው ደመወዝ



በዚህ እትም ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው፤ ይኸውም «ሠራተኛ ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የተተወ የሚመስለው ወንድም ወይም እኅት ቢኖር እስከ ጽሑፉ መጨረሻ አብሮን እንዲቆይ እንለምናለን፤ ነገሩ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ የራሳችንን የተማሪዎች ማኅበር ደጃፍ ያንኳኳልና።

ከእኛ መካከል በደብረ ማርቆስ፥ በደጀን፥ በቢቸና ወይም በፍኖተ ሰላም ያደገ ሁሉ ቪዲዮ ቤትን ያውቃል። መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ ክፍል፥ ካልተላገ ጣውላ የተሠራ አግዳሚ፥ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ጐረምሳ፥ ከፊት ለፊትም አንዲት ቴሌቪዥን። ከሕንድ ፊልም ቀጥሎ የልጆችን ሳንቲም ይበላ የነበረው «ሬስሊንግ» ነበር። ጆን ሲናንና አንደርቴከርን እንደ ጎረቤት ልጅ በስማቸው እንጠራቸው ነበር፤ ትርዒቱ ሲያልቅም ሜዳ ወጥተን እርስ በርሳችን እንጣጣል ነበር። ስለ ደመወዛቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም። ያን የመሰለ ጡንቻ ያለውና ያን ያህል ሕዝብ የሚጮኽለት ሰው ይቸገራል ብሎ ማን ያስባል? (በዚህ ጽሑፍ «ታጋይ» ስንል በጦር ሜዳ የዋለውን ሳይሆን በግጥሚያ መድረክ ላይ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረውን ማለታችን እንደ ሆነ ከወዲሁ እናስታውቃለን።)

ትግል ራሱ ለደጋው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ከብቱን አሰማርተን በመስኩ ላይ እንያያዝ ነበር፤ ዳኛው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው እረኛ ነበር። የወደቀው አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ ከብቶቹ ወደ እህል ሲገቡ ሮጦ የሚመልስም እርሱ ነው። ደመወዝም ዕዳም አልነበረበትም።

የሬስሊንጉ ትግል ከዚህ የተለየ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ይህን የሰማን ቀን ብዙዎቻችን «እንግዲያማ ማታለል ነው» ብለን ንቀን ተውነው። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ የሚወሰነው አሸናፊው እንጂ አወዳደቁ አይደለም። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከገመዱ አናት ላይ ዘሎ በጀርባው ሲወድቅ የሚቀበለው በስስ ፍራሽ የተሸፈነ ጣውላ ነው፤ አከርካሪውና ጉልበቱ የግጥሚያው ውጤት ተወስኖ ማደሩን አያውቁም። ያንኑ አወዳደቅ በማግሥቱ በሌላ ከተማ ይደግመዋል።

እንግዲህ ይህን ሰው ምን ብለን እንጥራው? ስፖርተኛ? ተዋናይ? ሠራተኛ? ነገሩ የስም ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት የሆነውን እንመልከት። በዚያ ጊዜ «ወርልድ ሬስሊንግ ፌዴሬሽን» ይባል የነበረው፥ ዛሬ «ደብልዩ ደብልዩ ኢ» የሚባለው ኩባንያ፥ የእኛ ሥራ እውነተኛ የስፖርት ውድድር ሳይሆን ሕዝብን ለማዝናናት የተዘጋጀ ትርዒት ነው ሲል ራሱ አስታወቀ። ስፖርት ከተባለ የግዛቱ የስፖርት ኮሚሽን ፈቃድና ቁጥጥር ይከተለዋል፤ በቴሌቪዥን ከሚገኘው ገቢም ግብር ይጠየቃል። ኩባንያው ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው የኖረውን ምሥጢር በአደባባይ የገለጠው ከዚህ ሸክም ለመውረድ ነው።

መልካም፤ ስፖርት ካልሆነ ትርዒት ነው፤ ትርዒት ከሆነም ታጋዩ ተዋናይ ነው እንበል። በአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን ከአሠሪዎች ጋር የሚደራደር፥ ዝቅተኛ ክፍያ የሚያስወስን፥ የጤና መድንና የጡረታ ገንዘብ ያለው ጠንካራ ማኅበር አላቸው። ታጋዩ ወደዚያ በር ሲሄድ ደግሞ ኮንትራቱ ይጠቀስበታል። ኮንትራቱ «ራሱን የቻለ የሥራ ተቋራጭ» ይለዋል፤ ይህም ማለት እንደ ማንኛውም ነጋዴ የራሱን ሥራ የሚሠራ እንጂ የማንም ተቀጣሪ አይደለም ማለት ነው። ግብሩን የሸሸችው የሌሊት ወፍ ለአራዊት «ወፍ ነኝ»፥ ለወፎች ደግሞ «ጥርስ አለኝ» አለች እንደሚባለው ተረት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ተረት ውስጥ የምትተርፈው ወፊቱ ስትሆን ግብሩን የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ነጋዴ ነው የተባለው ታጋይ የት ከተማ፥ በየትኛው ሌሊት፥ ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው ኩባንያው ነው። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ድረስ ለሌላ መሥራት አይችልም። ሕዝብ የሚያውቀው የመድረክ ስሙ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ንብረት ነው፤ ሲሰናበት ስሙን ትቶ ይወጣል። በሌላ በኩል ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ የኪራይ መኪናውን፥ የሆቴሉንና የምግቡን ዋጋ ከኪሱ እየከፈለ ሲጓዝ ኖሯል። የጤና መድን የሚገዛው ራሱ ነው፤ ለእርጅናው የሚያጠራቅመውም ራሱ ነው። ሚዛናችን እንዳያጋድል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል፤ ኩባንያው በመድረክ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል፤ ስማቸው የገነነ ጥቂቶችም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያገኛሉ። ከእነርሱ በታች ግን በትንንሽ አዳራሾች እየተጋጠመ ለመንገዱ ቤንዚን የማይበቃ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ብዙ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ቴሌቪዥን ያሳየን ጥቂቶቹን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት የቀድሞ ታጋዮች «እኛ በእርግጥ ተቀጣሪዎች ነበርን» ሲሉ በኮነቲከት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ክሱን ውድቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ወራት ደግሞ ኩባንያው ታጋዮቹ በትርፍ ጊዜያቸው በኢንተርኔት በኩል በራሳቸው የሚያገኙትን ገቢ እንዲያቆሙ አዘዘ። ራሱን የቻለ ነጋዴ ለተባለ ሰው ሱቅህን ዝጋ ብሎ ትእዛዝ መስጠት እንዴት ይቻላል? የኮንትራቱ ቃልና የኮንትራቱ ሥራ እንዲህ ሲጣሉ ማየት ለሕግ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ማኅበር ለማቋቋም የሞከረ አልነበረም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ነበረ። በኋላ የሚኒሶታ ግዛት አገረ ገዥ የሆነው ጄሲ ቬንቹራ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዓመቱ ታላቅ ትርዒት በፊት ጓደኞቹን በመልበሻ ክፍል ሰብስቦ ማኅበር እናቋቁም ሲል መከራቸው። ጊዜውን መርጦ ነበር፤ ቲኬቱ ተሽጦ፥ ቴሌቪዥኑ ተዘጋጅቶ ሳለ ታጋዮቹ አንሠራም ቢሉ ኩባንያው ሌላ ታጋይ ከየት ያመጣል? ወሬው ግን ሳይውል ሳያድር ከባለቤቱ ከቪንስ ማክማሆን ጆሮ ደረሰ። ማን እንደ ነገረበት ቬንቹራ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ድምፁ ላለባቸው የቪዲዮ ክሮች ድርሻዬን አልሰጡኝም ብሎ በከሰሰ ጊዜ ማክማሆን በመሐላ ሲጠየቅ፥ ነገሩን ያደረሰለት ሃልክ ሆጋን መሆኑን ተናገረ። ሆጋን በዚያ ዘመን ከሁሉ የበለጠ ይከፈለው የነበረ ሰው ነው። የድርሻውን ክስ ቬንቹራ እ.ኤ.አ. በ1994 ረትቶ ከ800,000 ዶላር በላይ ተፈረደለት፤ ማኅበሩ ግን በመልበሻው ክፍል እንደ ቀረ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የኦዌን ሃርት ታሪክ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው ሥር በገመድ ታስሮ ወደ መድረኩ እንዲወርድ ታዘዘ። ለትርዒቱ ማሳመሪያ የታሰበ ነገር ነበር። ማያያዣው ከጊዜው በፊት ተፈታና ከሃያ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነበር። አስከሬኑ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ የሌሊቱ ትርዒት ቀጠለ፤ ቤተ ሰቦቹ ከሰው በሚቀጥለው ዓመት በ18 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ስምምነት ተደረገ። ቬንቹራ የጠየቀው ማኅበር ቢኖር ኖሮ፥ ከመውጣቱ በፊት ገመዱን የሚመረምር፥ «ይህን አልሠራም» ያለውንም ታጋይ ከመባረር የሚጠብቅ አንድ ሰው አይገኝም ነበር ወይ? እኛ ይገኝ ነበር ብለን እናምናለን።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው፤ ለጎጃም ደጋ ምኑ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በእኛ አገር በሬስሊንግ የሚተዳደር ሰው አናውቅም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰው እያዝናና፥ ጉሮሮውንና ትከሻውን እየሸጠ፥ የማንም ተቀጣሪ ሳይባል የሚኖር ሰው በየከተማችን አለ፤ አዝማሪው፥ ዘፋኟና እስክስታ ወራጁ።

«አዝማሪ» የሚለው ስም ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። ከዚያው ግሥ መዝሙርና መዘምር ወጥተዋል። አንዱ ሥር ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ክብር ሲሆን ለመሰንቆው ሰው መሰደቢያ ሆኖ መቅረቱ ያስገርመናል፤ ዛሬም ቢሆን ልጁን «አዝማሪ ትሆናለህ» ብሎ የሚያስፈራራ አባት አለ። ጠላት ግን አልናቀውም። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትም እንዲጠፉ አዝዟል፤ አንድ ክር ያላት መሰንቆ ለጦር ሠራዊት የምታሰጋ ሆና ታይታው ነበር ማለት ነው።

የአዝማሪውን ዓመት እስቲ እንቁጠረው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ እስከ ቅበላ ድረስ ያገኛል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ኀምሳ አምስት ቀን ሠርግ የለም። ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሠርጉ ይመለሳል። ከዚያም ክረምቱ ይገባል፤ ጭቃው፥ ጐርፉ፥ የገበሬው እጅ ማጠር አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ፍልሰታም በመካከል አለች። እንቁጣጣሽና መስቀል ጥቂት ይሰጡና እስከ ጥር ድረስ የሠርጉ ገበያ ቀዝቀዝ ይላል። እንግዲህ ዐሥራ ሁለት ወር የሚበላ ሰው አብዛኛውን ቀለቡን የሚሰበስበው በአራትና በአምስት ወር ውስጥ ነው። ገበሬውስ ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ አይደል የሚያጭደው የሚል ይኖራል። ገበሬው ግን ጐተራ አለው፤ ዘፈን ጐተራ አይገባም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊው ሲቀር በአዲስ አበባ፥ በተለይም በካዛንቺስ፥ የአዝማሪ ቤቶች ተከፈቱ፤ ከዚያም በየክፍለ ሀገሩ የባህል ምሽት ቤት የሚባለው ተስፋፋ። በዚህ ምክንያት ብዙ አዝማሪዎች ከሠርግ ወደ ሠርግ መዞሩን ትተው በአንድ ቤት ረጉ። ከጎጃም ወጥተው ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሄዱም ብዙ ናቸው። ለጉዳያችን ዋናው ነገር ይህ ለውጥ ነው።

ከእኛ ሦስታችን ከእንደዚህ ካለው ቤት በአንዱ አንድ ሌሊት አምሽተን ነበር። ስሙንና ከተማውን አንጠቅስም፤ የቤቱ ሥርዓት የብዙ ቤቶች ሥርዓት ነው። አንድ ባለመሰንቆ፥ አንዲት ዘፋኝ፥ ሁለት እስክስታ ወራጆች ነበሩ። ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ለብሰው መገኘት አለባቸው፤ የዘገየ ይቀጣል። ልብሱን የመረጠው ባለቤቱ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። በሌላ ቤት መጫወት ክልክል ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከመድረኩ አይወርዱም፤ እንግዳ ካለም ይቀጥላሉ። ዘፋኟን አንድ የሰከረ ሰው ክንዷን ይዞ አልለቅ ሲላት ባለቤቱ «እንግዳችን ነው፥ ቻዪው» አላት። እስክስታ ወራጁ በእረፍት ሰዓት ጉልበቱን በጨርቅ ሲያስር አየነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር።

ባለመሰንቆውን፥ «ጋሼ፥ ደመወዝዎ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፥ የእኔ ደመወዝ ግንባሬ ላይ ነው የሚለጠፈው» አሉን።

«ከቤቱስ?»

«ከቤቱማ እራት አለ። ቢታመሙስ ብላችሁ አትጠይቁኝም? ያን ጊዜ ግንባር ብቻውን ይቀራል።»

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 እንደሚለው፥ አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ በደመወዝ ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል ተፈጥሯል። በአንቀጽ 3 ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። የአሜሪካው «ራሱን የቻለ የሥራ ተቋራጭ» እነሆ በእኛ ሕግ ተገኘ። ስለዚህ መለያው «ማን ይመራል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥር ላይ ለአንድ ሌሊት ሠርግ የተጠራው አዝማሪ፥ በገዛ መሰንቆው፥ በገዛ ዋጋው፥ ነገ ለሌላ ባለ ሠርግ የሚጫወተው፥ በእውነት የራሱ ጌታ ነው። ሰዓቱ፥ ልብሱ፥ ቅጣቱና ክልከላው በሌላ ሰው እጅ ያለው የምሽት ቤቱ አዝማሪ ግን በማን መሪነት ሥር እንደ ሆነ ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። በእኛ ግምት እርሱ ሠራተኛ ነው።

ታዲያ ሠራተኛ ከሆነ ምን ይገባዋል? በቀን ከስምንት፥ በሳምንት ከአርባ ስምንት ሰዓት የማይበልጥ መደበኛ ሥራ፤ የሳምንት እረፍት፤ በመጀመሪያው ዓመት ዐሥራ ስድስት የሥራ ቀን ፈቃድ። ከመደበኛው ሰዓት አልፎ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቢሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይከፈለዋል። በሥራ ላይ ቢጐዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ነው፤ ለጊዜው መሥራት ባይችል ለሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን፥ ለሚቀጥለው ሦስት ወር ከመቶ ሰባ አምስት፥ ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር ከመቶ ኀምሳ ያገኛል። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ቢሆን የአምስት ዓመት ደመወዙ ካሣ ይሆነዋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግም አለ፤ አሠሪው ከደመወዙ ከመቶ ዐሥራ አንድ፥ ሠራተኛው ከመቶ ሰባት ያዋጣሉ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ይህ ሁሉ የሚሰላው በደመወዝ ነው። የባለመሰንቆው ደመወዝ ግን ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው ነው። አዋጁ በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጕም ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቈጥረውም። ስለዚህ ባለቤቱ «ሽልማታችሁ ደመወዛችሁ ነው» ሲል በሕጉ ዓይን «ደመወዝ የላችሁም» ማለቱ ነው። የዜሮ ብር አምስት ዓመት ካሣ ዜሮ ነው። የዜሮ ብር ከመቶ ዐሥራ አንድም ዜሮ ነው። የሌሊቱ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍም እንዲሁ። አንድ ሰው ጥር ላይ በአንድ ሌሊት ከመምህር የሳምንት ደመወዝ በላይ ሽልማት ሊሰበስብ ይችላል፤ ጉልበቱ የተሰበረ ዕለት ግን ምንም ሠርቶ እንደማያውቅ ሰው ይቈጠራል። «አዝማሪ እኮ ብዙ ያገኛል» እያሉ የሚከራከሩን ጓደኞቻችን ይህን ነጥብ እንዲያዩልን እንፈልጋለን። ጉዳዩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በማን ስም ተጠርቶ እንደሚሰጥም ነው።

አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም አዘዘ እንጂ በራሱ የብር ቍጥር አላስቀመጠም። እንግዲያስ በውል ላይ ትንሽም ብትሆን መደበኛ ደመወዝ ማስጻፍ የአዝማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ብቻውን ግን አያስጽፍም። በአገራችን የሠራተኛው መደራጀት ረጅም ታሪክ አለው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች አስቀድመው በመረዳጃ ስም ተሰባስበው ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ዛሬ ያለው አዋጅ ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይናገራል። አንድ የምሽት ቤት ዐሥር አዝማሪ የለውም። ነገር ግን ከዐሥር በታች ሠራተኞች ባሉባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ይህ በር ለአዝማሪዎች የተሠራ ያህል ይስማማቸዋል።

መተባበርንም እኛ የምናስተምራቸው አይደለም። አዝማሪዎች ባለቤቱ ፊት ቆመው ባለቤቱ ሳይሰማ የሚነጋገሩበት የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ከጥንት አላቸው። የሠርጉ ጌታ ለጋስ ይሁን ቆንቋና፥ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ፥ በዚያው ይመክራሉ። ቬንቹራ በመልበሻው ክፍል ያጣው ነገር ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ቋንቋ ቢኖረው ወሬው ከባለቤቱ ጆሮ ለመድረስ ትንሽ ይዘገይ ነበር።

አሁን ወደ ደጃፋችን ደርሰናል። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን ባዘጋጀው የባህል ምሽት አንድ ባለመሰንቆና ሦስት እስክስታ ወራጆች ጠርተን ነበር። ውል አልተጻፈም። እራትና የመኪና እንከፍላለን፥ የቀረው ከታዳሚው ሽልማት ነው አልናቸው፤ ይህን ስንል ከምሽት ቤቱ ባለቤት በምን እንደምንለይ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ቀን ዘንቦ መድረኩ እርጥብ ነበር። ከወራጆቹ አንዱ፥ ዕድሜው ከእኛ የማይበልጥ ልጅ፥ ዘሎ ሲያርፍ ተንሸራትቶ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ታዳሚው የጨዋታው አካል መስሎት አጨበጨበ። እኛ በኮፍያ ገንዘብ አሰባስበን በባጃጅ ወደ ሐኪም ላክነው፤ ከዚያም ዘፈኑ እንዲቀጥል አደረግን። ይህን ስናደርግ ስለ ካንሳስ ሲቲ ምንም አናውቅም ነበር። ልጁ በዚያ ዓመት የፋሲካን ማግሥት ሠርጎች ሁሉ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ አሳለፋቸው።

ከላይ እንዳልነው ለአንድ ሌሊት የሚጠራ አዝማሪ በሕጉ የራሱ ጌታ ነው፤ ስለዚህ የሠራተኛው አዋጅ በእኛ ላይ ምንም ግዴታ አይጥልም። ሕጉ ዝም ባለበት የሚናገረው ውሉ ነው። በዚህም መሠረት የጥናት ክፍላችን ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን የውል ረቂቅ አቅርቧል። ማኅበሩ የሚጠራው ባለሙያ ሁሉ ሽልማት ቢገኝም ባይገኝም የሚከፈለው የተወሰነ ዋጋ ይኖረዋል፤ ግማሹም አስቀድሞ ይሰጠዋል። ሽልማቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው። የጨዋታው ሰዓት ከአራት አይበልጥም፤ በመካከል እረፍት አለ። ከመጀመሩ በፊት መድረኩን ራሱ አይቶ «አልወጣበትም» ማለት ይችላል፤ ይህን በማለቱም ዋጋው አይቀነስበትም። በመድረካችን ላይ ቢጐዳ ሕክምናውን ማኅበሩ ይከፍላል፤ ሥራ ፈትቶ በሚተኛባቸው ቀኖችም፥ እስከ ሦስት ወር ድረስ፥ ማኅበሩ ይረዳዋል።

ገንዘብ ያዣችን ይህ ሁሉ ከተጻፈ በዓመት ሁለት ምሽት ማዘጋጀታችን ቀርቶ አንድ ብቻ ይሆናል ብለው ተከራክረዋል። ሒሳባቸውን አይተነዋል፤ ልክ ነው። ስብሰባው ከቅበላ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይደረጋል፤ ያ እጁ የተሰበረ ልጅም እንዲገኝ ጠርተነዋል።